የእንጉዳይ ትንኝን በሐረርና በድሬዳዋ ለይቶ መመዝገብ

ሐረር ውስጥ ውኃ የጠገበ የአበባ ማሰሮ ወይም ያልበሰለ ፍግ ካለ የእንጉዳይ ትንኝ፣ ማለትም እርጥብ አፈር ላይ የሚበር ትንሽ ነፍሳት፣ አይጠፋም። ድሬዳዋ ላይ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ በመስኖ የሚጠጣ የማንጎና የፓፓያ ጥላ ሥር በማለዳ ፈልጉ። ቢጫው ማጣበቂያ ወረቀት ትንኙ መኖሩን ይነግራል እንጂ ለመለየት አይረባም፤ ሙጫው እግርና ክንፍ ይገነጥላል። አንዱ ጫፍ በስስ ጨርቅ የታሰረ፣ በአፍ የሚሳብ የላስቲክ ቱቦ ይሻላል።

የያዛችሁትን 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ጨምሩ፦ 83 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ አልኮል ለክታችሁ፣ 100 እስኪሞላ የተጣራ ውኃ ማከል ነው። ባለ 96ቱ እንዳለ ከሆነ አካሉን ያደርቀዋል፤ አንቴናው ሲነካ ይሰበራል። ለዲኤንኤ የምታስቀምጡት ካለ ግን እሱን በ96ቱ ለብቻ አድርጉ። በድሬዳዋ ሙቀት አልኮሉ ከላላ ክዳን ስለሚተን በየወሩ መጠኑን ማየት ግድ ነው።

አንቴናው አጭር፣ ክንፉ ነጠብጣብ ያለው ደንዳና ዝንብ ከሆነ ተዉት፤ እርጥብ ማሰሮ ላይ አብሮ የሚገኝ ሌላ ቤተሰብ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ምድብ) ነው። ከእንጉዳይ ትንኝ ቤተሰቦች ሲያሪዴ የሚባለው ዓይኖቹ ከአንቴናው በላይ በቀጭን ድልድይ ይገናኛሉ፤ የክንፉ መሐል መስመርም ለሁለት ይከፈላል። ማይሴቶፊሊዴ የሚባለው ሌላው የእንጉዳይ ትንኝ ቤተሰብ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ እግሩ ከደረቱ የሚገጥምበት አንጓ የረዘመ ሲሆን ይህ የዓይን ድልድይ የለውም።

እስከ ዝርያ ለመድረስ ወንዱ ያስፈልጋል፤ የሆዱ ጫፍ መቆንጠጫ ይመስላል። ጫፉን ቆርጣችሁ፣ የውስጡ ሥጋ ሟሙቶ ቅርጹ በግልጽ እንዲታይ፣ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩ። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከመጠን በላይ ከቆየ መስታወት መስሎ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ጠዋት ሳትዘገዩ አውጡት። ጥቂት ጠብታ ኮምጣጤ ባለው ውኃ አጥባችሁ በግሊሰሪን ጠብታ ላይ የሆዱ በኩል ወደ ላይ እንዲሆን አስተኙትና በማይክሮስኮፕ እዩት። የመቆንጠጫው ጫፍ ላይ ያሉት እሾሆች ብዛትና አቀማመጥ ነው ዝርያን ከዝርያ የሚለየው፤ የሰውነቱ ቀለም አልኮል ውስጥ ስለሚደበዝዝ አትመኑት።

የሚበላሸው መዝገብ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመለያ ወረቀቱ ነው። መስከረም 5 ቀን 2017ን «5/1/2017» ብላችሁ ከጻፋችሁ የውጭ አንባቢ በእሱ አቆጣጠር የጃንዋሪ ወይም የሜይ 2017 ናሙና ያደርገዋል። «2024-09-15 እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ፤ ጠዋት 1 ሰዓትንም «07:00» በሉት። «ሐረርጌ» ብቻም አይበቃም፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናቸው። ሰፈሩን፣ የስልኩን ጂፒኤስ ቁጥር፣ ከፍታውን፣ የተያዘበትን ዘዴና የሰብሳቢውን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ወረቀቱ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ ውጭ የተለጠፈ ይወድቃል። የተቆረጠው ጫፍና የቀረው አካልም አንድ ዓይነት ቁጥር ይያዙ።

የተገኘችው ሴት ብቻ ከሆነች «ሲያሪዴ፣ ሴት፣ ዝርያው ያልተለየ» ብላችሁ መዝግቡ፤ ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር ስለተመሳሰለች ብቻ የዝርያ ስም አትስጧት።