የወተት አሲድ ሲለካ ጠብታው የት ይቁም?

ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ የመጣ ወተት ሲለካ ውጤቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ስሌቱ ሳይሆን የመጨረሻዋ ጠብታ ናት።

9 ሚሊ ሊትር ወተት በፒፔት (ፈሳሽ መጥጦ በሚለካ ቱቦ) ለክተው ፍላስክ ውስጥ ይጨምሩና 3 ጠብታ ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ወደ ሮዝ የሚለወጥ ጠቋሚ፣ ኢንዲኬተር) ያክሉበት። ቡሬቱን፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ የሚያወርደውን ባለ መለኪያ ቱቦ፣ 0.1 ኖርማል (የጥንካሬው መጠን) በሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አሲዱን በሚያጠፋው ፈሳሽ፣ ይሙሉ። ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ካለ አስቀድመው ያስወጡት፤ አለዚያ አረፋው የያዘው ቦታ ወተቱ ውስጥ እንደ ገባ ይቆጠራል።

እስከ 1 ሚሊ ሊትር ድረስ ፈጠን ብሎ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ፍላስኩን እያዞሩ ጠብታ በጠብታ ነው። ማቆሚያው 30 ሰከንድ የሚቆይ በጣም ፈዛዛ ሮዝ ነው። ብልጭ ብሎ ከጠፋ ገና ነው። ከ30 ሰከንድ በኋላ ቀስ እያለ ቢደበዝዝ አይጨምሩ፤ ከአየር የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ደማቅ ሮዝ ከሆነ አልፏል፤ በአዲስ ወተት ይጀምሩ። የወተቱ ንጣት ዓይን ስለሚያታልል፣ ኢንዲኬተር ያልገባበት ወተት አጠገቡ አስቀምጦ ማወዳደር ከሁሉም በላይ ይረዳል።

የወረደውን ሚሊ ሊትር ለ10 ያካፍሉ፦ 1.6 ከሆነ 0.16 ከመቶ ላክቲክ አሲድ ነው። ትኩስ ወተት በአብዛኛው ከ0.14 እስከ 0.18 ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ክዳኑ ተከፍቶ ከከረመ ይዳከማል፤ ያኔ ደህናው ወተት የኮመጠጠ ይመስልና ገበሬው ያለ ጥፋቱ ይመለስበታል።