ታሪካዊ ሕንፃ አድሰው የታክስ ክሬዲት ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ በታሪካዊነት የተመዘገበ ሕንፃ አድሶ ለንግድ ወይም ለኪራይ የሚያውል ሰው፣ ለእድሳቱ ካወጣው 20 በመቶው ከፌዴራል ታክሱ ላይ ይቀነስለታል። 500 ሺህ ዶላር ያወጣ ሰው 100 ሺህ ያገኛል ማለት ነው። ይህ የታክስ ክሬዲት የሚቀነሰው ከገቢው ሳይሆን ከሚከፍለው ታክስ ራሱ ላይ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ በማይረባ ስህተት ሲታጣ ያንገበግባል።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ቀድሞ ማፍረስ ነው። ማመልከቻው ሦስት ክፍል አለው፤ በክፍለ ግዛቱ የቅርስ ጥበቃ ቢሮ አልፎ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለሆነው ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ይቀርባል። የእድሳት ዕቅዱ ሳይፈቀድ ሥራ ከጀመሩ ኃላፊነቱ የራስዎ ነው። ቢያንስ መዶሻ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍልና የውጭ ግድግዳውን ሁሉ ፎቶ ያንሱ። የፈረሰን ነገር በኋላ ማስረዳት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ ኮንትራክተሩ «ይሄን ጥለን በአዲስ እንተካው» ሲል ዝም ማለት ነው። ሊጠገን የሚችል የእንጨት መስኮት ይጠገን እንጂ አይጣል። ጡብ በአሸዋ ርጭት አይጸዳም፤ ጠንካራ ቆዳው ተገፎ ውሃ መምጠጥ ይጀምራል። ለስላሳ አሮጌ ጡብም መጋጠሚያው በጠንካራ ሲሚንቶ ሲሞላ ይሰነጠቃል፤ የሚስማማው በኖራ የተሠራ ሙሊት ነው። ፕሮጀክቱ የሚገመገመው በጥቅሉ ስለሆነ፣ አንድ ከባድ ጥፋት ሙሉውን ክሬዲት ሊያስቀር ይችላል።

ትንሽ ማውጣትም ክሬዲቱን ያስቀራል። ሕንፃውን ከነመሬቱ በ400 ሺህ ዶላር ገዙ፣ መሬቱ 150 ሺህ ነው እንበል። በታክስ ሂሳብ ላይ ከሕንፃው ዋጋ በእርጅና የተቀነሰ ነገር ከሌለ፣ በ24 ወር ውስጥ ከሕንፃው ዋጋ፣ ማለትም ከ250 ሺህ በላይ ለእድሳት ማውጣት አለብዎት። ሥራው በምዕራፍ እንደሚካሄድ ከመነሻው በዕቅድ ከተያዘ ጊዜው 60 ወር ይሆናል። ስለዚህ ከሂሳብ ባለሙያ ጋር መቀመጥ ያለብዎት ከመጀመርዎ በፊት ነው።

የወጣ ብር ሁሉ አይቆጠርም። የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የአርክቴክት ክፍያ ይገባል። የመግዣው ዋጋ፣ የቤት ዕቃ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ አዲስ ተቀጥላ ግንባታ አይገባም። ራስዎ የሚኖሩበት ቤትም ለዚህ ክሬዲት አይበቃም።

ገንዘቡን በአንድ ዓመት የሚጠብቁም ይሳሳታሉ። በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት የሚሰጠው በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ነው። ሕንፃው አገልግሎት በጀመረ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተሸጠ ክሬዲቱ በሙሉ ተመላሽ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ተመላሹ በየዓመቱ 20 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ገዢ ሲመጣ ከዋጋው በፊት ይህን ያስሉ።