መሪው ሲያቃስት ፓምፕ ለመግዛት አትሩጡ

ጠዋት መኪናውን አስነስታችሁ ከግቢ ለመውጣት መሪውን ስትጠመዝዙ ከኮፈኑ ስር «ኡ…ው…ው» የሚል ማቃሰት ይመጣል። መሪውን ስታቀኑት ይቀንሳል። ነዳጅ ስትሰጡ ይብስበታል። ይህን ድምፅ ይዞ ጋራዥ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «የመሪው ፓምፕ ሞቷል፣ ይቀየር።»

እኔም ተብያለሁ። አምኜ ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ወረድኩና ለአሮጌዋ ኮሮላዬ ያገለገለ ፓምፕ ገዛሁ። ተገጠመ። ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መካኒክ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየና፣ ከመሪ ዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ በሁለት ጣቱ ጨመቅ አደረገው። ቱቦው ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ማሰሪያውም ላልቷል። አንዲት ጠብታ ዘይት ወደ ውጭ አልወጣችም፣ አየር ግን ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ስንዝር የምታክል ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ተቀየረ፣ አየሩ ወጣ፣ ድምፁም ጠፋ። የተጣለው ፓምፕ ጤነኛ ነበር። ያ ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል፤ እናንተን እንዳይቆጫችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት የመሪያችሁን ዓይነት እወቁ። ኮፈኑን ክፈቱና ክዳኑ ላይ የመሪ ምልክት ወይም ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የዘይት ማጠራቀሚያ ፈልጉ። ካለ መሪው በዘይት የሚሠራ ነው። ከሌለ ደግሞ ምናልባት እንደ ቪትዝ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ነው፤ ፓምፕም፣ ፓምፑን የሚያዞር ቺንጋም (ቀበቶ)፣ ዘይትም የለውም። «የመሪ ዘይት ይጨመር» የሚላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ ሂዱ።

የሚያቃስት ድምፅ

በብርድ ጠዋት አስነስታችሁ ለጥቂት ሰከንድ ቢያቃስትና ወዲያው ቢተወው ብዙ አትጨነቁ። ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍሮ ነው። መኪናው ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እዩ። ማጠራቀሚያው ላይ ወይም ክዳኑ ላይ ባለው ዘንግ ለቀዝቃዛና ለሞቃት የተለያየ ምልክት አለ። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ከሆነ ሙሉት፣ ግን እዚያ አታቁሙ። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ፈሷል ማለት ነው። ከፓምፑ የሚወጣውን የከፍተኛ ግፊት ቱቦ መጋጠሚያዎች በጨርቅ ጥረጉና በማግስቱ እዩት። ከዚያ ከሁለቱ የፊት ጎማዎች በስተውስጥ፣ በራኩ (የመሪውን ዙረት ወደ ጎማዎቹ በሚያደርሰው አግዳሚ ክፍል) ጫፍና ጫፍ ያሉትን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉ ጎሚኒዎች ጨመቅ አድርጉ። ውስጣቸው ዘይት ከተላወሰ የራኩ «ሲል»፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ፣ ማፍሰስ ጀምሯል።

መጠኑ ልክ ሆኖ ድምፁ ካለ አየርን ጠርጥሩ። ሞተሩ ሲሠራ ክዳኑን ከፍታችሁ ዘይቱን ተመልከቱ። አረፋ ካለው፣ ወይም ቀዩ ዘይት ወደ ሮዝ ከነጣ፣ አየር ገብቶበታል። አንድ ቀላል ምርመራ ደግሞ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) እየሠራ የዘይቱን ደረጃ ምልክት አድርጉ፣ አጥፉት፣ እንደገና እዩ። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች የሚፈቅዱት ልዩነት 5 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከዚያ በላይ ከፍ ካለ አየር አለ ማለት ነው።

አየሩ ከየት ይገባል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ፓምፑ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው የሚስበው እንደምንጠጣበት ስትሮ ነው። በመምጠጫው በኩል ያለ ቀዳዳ ዘይት ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል። ስለዚህ ከስር መሬቱ ደረቅ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። የደረቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ቱቦው ፓምፑ ላይ የሚቀመጥበት ኦሪንግ (ክብ የጎሚኒ ማሸጊያ)፣ ሦስቱንም ፈትሹ። በተለይ በአንዳንድ የሆንዳ ሞዴሎች ይህቺ ቀለበት የምታክል ኦሪንግ በደረቀች ቁጥር ስንት ጤነኛ ፓምፕ ያለ ጥፋቱ ተነቅሏል። አዲሷን ዘይት ቀብታችሁ ነው የምትገጥሟት።

ማጠራቀሚያውንም አትርሱ። በብዙ መኪኖች ከስሩ ቀጭን ወንፊት አለ። ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር ከቆየ ወንፊቱ በዝቃጭ ይደፈናል፣ ፓምፑ የሚስበው ያጣና ያቃስታል። ወንፊቱ የማይወጣ ከሆነ ማጠራቀሚያውን መቀየር ይሻላል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት የመሪ ማጠራቀሚያ ውስጥ አታስገቡ። የመሪውን ሲሎች ያሳብጣቸዋል፣ ያበላሻቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ከራክ እስከ ፓምፕ የሚተርፍ የለም። የቆዩ ቶዮታዎች በአብዛኛው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለውን ቀይ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ሆንዳ የራሱ የሆነ አለው። ብዙ የጀርመን መኪኖች አረንጓዴ ዘይት ይፈልጋሉ። ክዳኑን አንብቡ፣ ካልሆነ የመኪናውን መመሪያ እዩ።

አየሩን ማስወጣት ራሳችሁ የምትችሉት ሥራ ነው። የፊት ጎማዎችን በክሪክ አንሱና ጠንካራ ድጋፍ ከስር አድርጉ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ማጠራቀሚያውን ሙሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ መሪውን እንዳይቆልፍ ከፍታችሁ፣ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ አመላልሱ። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ። አንድ ሰው ዘይቱን እያየ ሲጎድል ይጨምር። አረፋው ሲጠፋ ሞተሩን አስነሱና ጥቂት ጊዜ ደግማችሁ አዙሩ። ተቻኩሎ በሞተር የጀመረ ሰው አየሩን ከዘይቱ ጋር ያናውጠዋል፤ ያን ጊዜ አረፋው እስኪረጋ ሰዓታት መጠበቅ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መሪው ቀጥ ባለበትም ካቃሰተ፣ ከከበደም፣ አሁን ፓምፑን ጠርጥሩ። ጥቂት ዘይት በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠባጥቡና ፀሐይ ላይ እዩት። የብር ዱቄት የመሰለ ብልጭታ ካለው ብረቱ ተበልቷል። ፓምፕ ስትቀይሩ አሮጌውን ዘይት ከነቱቦው አጥባችሁ አስወጡ። አለበለዚያ ያው ብረት አዲሱንም ይበላዋል።

ሲጥጥ የሚል ጩኸት

መሪው ጥግ ሲደርስ ወይም ሞተሩ ገና ሲነሳ ሹል ጩኸት ከተሰማ ቺንጋው ነው። ላልቷል፣ ወይም ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሷል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። ሞተሩ እየሠራ በጠርሙስ ጥቂት ውሃ ቺንጋው ላይ ጠብ አድርጉ። ድምፁ ወዲያው ከተለወጠ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ይህን ስታደርጉ ግን ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንዘለዘለ እጅጌ፣ ሁሉም ይራቅ። ቺንጋው ተወጥሮም ተቀይሮም ከጮኸ ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር የሚሸከመውን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) አዳምጡ።

ሽሽሽ የሚል ድምፅ

መሪው ጥግ ላይ ሲደርስ ብቻ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተከፍቶ ነው። መሪውን እዚያ ጨቁናችሁ አትያዙት። ከአምስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ዘይቱ በጣም ይግላል።

ገጭ ገጭ

ይህኛው የዘይት ጉዳይ አይደለም። ኮብልስቶን ላይ ስትነዱ ከፊት ገጭ ገጭ ካለ፣ ወይም መሪውን ትንሽ ግራ ቀኝ ስታደርጉት ቋ ካለ፣ አንድ መጋጠሚያ ላልቷል። ሞተሩን አጥፉ፣ ጓደኛችሁ መሪውን በትንሹ ያወዛውዝ፣ እናንተ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችሁ ያዙ። የተበላው ሲንገጫገጭ በእጃችሁ ይሰማችኋል። ቴስቲናውን (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን የዘንግ ጫፍ)፣ ራኩን ከሻሲው ጋር የሚያስሩትን ጎሚኒዎች፣ ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደውን ዘንግ መጋጠሚያ እዩ። ቴስቲና ከተበላ ነገ ዛሬ አይባልም። ከወለቀ ጎማው መሪውን አይሰማም። ከተቀየረ በኋላ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ግድ ነው።

ጎማው ተጠምዝዞ መኪናው ሲንቀሳቀስ ብቻ ቀጭ ቀጭ ካለ ደግሞ ከመሪው ይልቅ ሲቪ ጆይንቱን፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ መጋጠሚያ፣ እዩ። ብዙውን ጊዜ ጎሚኒው ተቀዶ ግሪሱ በጎማው ውስጠኛ ጎን ተረጭቶ ታገኙታላችሁ።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ

በቆመበት ስትጠመዝዙት ቀጭን እዝዝ ማለቱ የሞተሩ ድምፅ ነው። ገጭ ካለ ግን በአንዳንድ የሂዩንዳይና የኪያ መኪኖች የታወቀ ምክንያት አለ። ከመሪው ምሰሶ ሞተር ጋር የተያያዘች ትንሽ የላስቲክ ማያያዣ በጊዜ ብዛት ትፈረካከሳለች። ዕቃዋ ርካሽ ነው፤ አድካሚው ምሰሶውን ማውረዱ ነው። መሪው በድንገት ከብዶ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ መብራት ከበራ መጀመሪያ ባትሪውንና አልተርኔተሩን አስለኩ።

ጋራዥ ስትሄዱ ድምፁ የመጥፋት ልማድ አለው። ስለዚህ በስልካችሁ ቅረጹት። ስትቀርጹም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «አሁን ቆሜአለሁ፣ ሞተሩ ሞቋል፣ ወደ ቀኝ እየጠመዘዝኩ ነው»።