አጠብኩት፣ ጭራሽ ባሰበት፦ የውርስ ብር ችግርና መፍትሄ

ብር ሠሪ ነኝ። ከእናት ከአያት የተወረሰ መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር፣ የማርትሬዛ ጠገራ በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይዘረገፋል። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብን፣ በጥጥ ጨርቅ ማድረቅን ታውቃላችሁ ብዬ እዘለዋለሁ። የምጽፈው ከዚያ ወዲያ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

ችግር፦ ሳይነካ ተቀምጦ ጠቆረ

ምክንያቱ ሰልፈር ነው። አየር ውስጥ ትንሽ አለ፤ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ የሱፍ ልብስና ላስቲክ ደግሞ ይጨምሩበታል። በብር ኖት ማሰሪያ ላስቲክ ታስሮ ዓመታት የተቀመጠ አልቦ መጥቶልኝ ያውቃል። ላስቲኩ ደርቆ ረግፏል፣ ያረፈበት ቦታ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ቀርቷል።

መፍትሄ፦ የብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ። ብሩን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለአንድ ሊትር የፈላ ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩና አፍስሱበት። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፤ ሶዳ ነው። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ እየሠራ ነው። ሰልፈሩ ብሩን ለቆ ወደ አሉሚኒየሙ እየሄደ ነው፣ ብሩ ራሱ አይፋቅም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጡት፣ እጠቡት፣ አድርቁት።

ይህ ዘዴ የማይሆንላቸው አሉ። ድንጋይ ወይም ዶቃ የተጣበቀበት፣ ማተቡ ያልወጣለት መስቀል፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አምባር (ውሃ ይገባና አይወጣም)፣ እንዲሁም ሳንቲም። ሳንቲም በምንም አይጸዳም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ችግር፦ አጠብኩት፣ ጭራሽ ባሰበት

ከሁሉም በላይ የማየው ይህንን ነው። ሠርግ ሲደርስ፣ ተዝካር ሲደርስ፣ በተለይ ደግሞ ወራሾች ሊካፈሉ ሲሰባሰቡ ይመጣል። ሰው ሲመጣ ቤት ይጸዳል፣ ከቤቱ ጋር ብሩም ይጸዳል። በምን? በበረኪና!

በረኪና ለሽንት ቤት ነው። ክሎሪኑ ብሩን ራሱን ይበላል። ላዩ ላይ የሚፈጠረው አዲስ ነገር ብርሃን ሲያገኝ ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ጥቁር። ለዚህ ነው ማታ ነጭ ሆኖ ያደረው ብር በማግስቱ ከሰዓት የሚጠቁረው። ባለቤቱ ደግሞ «አልለቀቀም» ብሎ መልሶ ይነክረዋል። ብሩ ውስጥ ያለው መዳብም አብሮ ስለሚጠቃ አረንጓዴ ነገር ከየስፌቱ ብቅ ይላል።

አንዲት እህት የእናቷን ድሪ በፌስታል ይዛ መጣች። ሌሊቱን በረኪና ውስጥ አሳድራዋለች። «ጋሼ፣ ወንድሞቼ ከውጭ ሲመጡ እንዲያምር ብዬ ነው» አለችኝ። ድሪው ላይ የተንጠለጠሉት ትንንሽ ክታቦች ስፌታቸው ለቋል። ፊታቸው በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ደቃቅ አሸዋ የሚያህል ጉድጓድ ጉድጓድ አውጥቷል። ያ ጉድጓድ የጠፋ ብር ነው፣ ማንም አይመልሰውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የወንድሞቿ አስተያየት ምን እንደነበር አልጠየቅኩም።

ሌላው ጉዳይ ሎሚና ጨው ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አሲድም ተፈጥሯዊ ነው! ሎሚ መዳቡን ያወጣል፣ ጨው ደግሞ ክሎራይድ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብሩ የሞተ ነጭ መልክ ይይዛል። የጥርስ ሳሙና ይፍቃል። የድስት ሽቦ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ይዞ የመጣ ሰው ላይ እቆጣለሁ። አንድ ጎልማሳ የአያቱን የእጅ መስቀል በሽቦ ፈግፍጎ ሲያመጣልኝ ከተቀረጸው ሐረግ ግማሹ የለም። «አሁን አበራ አይደል?» ይለኛል። አዎ፣ አበራ። የመቅረጫው ጫፍ የነካበት ቦታ ጠፍቶ!

አንድ ነገር ልብ በሉ። በቀረጻው መስመር ውስጥ ያለው ጥቁር ቆሻሻ አይደለም። ሥዕሉ የሚነበበው በእሱ ነው። ከፍ ያለው ቦታ እየተዳሰሰ ይነጣል፣ ዝቅ ያለው ይጠቁራል፣ ሐረጉም ጎልቶ ይታያል። ከውጭ አገር በጠርሙስ የሚላከው የብር ማጽጃ ይህንን በሙሉ ይጠርገዋል፤ መስቀሉም ትናንት ፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ከፍ ያለውን ብቻ በጨርቅ ጥረጉ። ጥልቁን ተዉት።

በረኪና ከነካው ምን ይደረግ? ወዲያው በሚፈስ ውሃ እጠቡት። ከዚያ ንጹህ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና ውሃውን እየቀየራችሁ ለሰዓታት አቆዩት። በደንብ አድርቁ። ጥቁረቱ ካለ ፎይልና ሶዳውን አንዴ ሞክሩ፤ የተወሰነውን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ደብዛዛ ሆኖ ከቀረ አታባሱት፣ ለብር ሠሪ ስጡ። በለስላሳ ጨርቅ አንዴ ያልፍበታል፣ በቃ። «እንደ አዲስ አደርገዋለሁ» ብሎ የብርጭቆ ወረቀት ያነሳ ባለሙያ ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናና ሎሚ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ብሩን ተዉት፣ ራሳችሁን አድኑ።

ችግር፦ ሲታሽ ቢጫ ወይም ቀይ ወጣ

ቅብ ነበር። ቢጫው ነሐስ ነው፣ ቀዩ መዳብ። ባሻችሁት ቁጥር ቅቡ ይሳሳል፣ አቁሙ። ነጭ ሆኖ ቀላል የሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጀርመን ሲልቨር የሚባለው ነው። ስሙ ሲልቨር ይሁን እንጂ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። እሱ ላይ ብር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ችግር፦ «1780 ይላል፣ ጥንታዊ ነው» ስል ሳቁብኝ

ጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው። ጠገራው ላይ ያለው ዓመት እዚያው ቆሞ ቀረ፤ መመታቱ ግን ቀጠለ። ቪየና ብቻ አይደለም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ፣ ፓሪስም መቱት፤ ጣሊያን ደግሞ ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ መታው፣ ለወረራው ገንዘብ ያስፈልገው ስለነበር። ሁሉም 1780 ይላሉ፣ ሁሉም የፈረንጅ ዓመት ነው። ዕድሜውን ዓመቱ አይነግራችሁም።

እውነተኛ መሆኑን የሚነግራችሁ ሚዛኑ ነው፦ 28 ግራም ገደማ፣ ከዚያ ውስጥ 83.3 በመቶው ብር። ንጹህ ብሩ 23.4 ግራም ያህል ይመጣል። ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ መኖር አለበት። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም በመሃሉ የቅርጽ ስፌት ካለ የቀለጠ አስመሳይ ነው። ማግኔት ከሳበው ወሬው አለቀ።

የምኒልክ ብር ሌላ ነው። አንበሳውን ታዩታላችሁ፣ ዓመቱም የእኛ ነው። 1887 የሚለው ፓሪስ የተመታ ነው። ይህንን ከማርትሬዛው ጋር ቀላቅላችሁ በኪሎ እንዳትሸጡ! የሳንቲም ሰብሳቢ የሚከፍለው ለመልኩ ነው፣ ስለዚህ አታሹት፣ አትንከሩት፣ መንጠልጠያ አታስበይዱበት። የተበየደበት ከሆነ ደግሞ የሚቀረው የብሩ ዋጋ ነው። የጃንሆይ ሽልንግ፣ 1936 የሚለው፣ ብር አለበት፤ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም።

ችግር፦ ወርቅ ቤቱ «በግራም ነው የምገዛው» አለኝ

ለማቅለጥ ስለሚገዛ ነው። አልሰረቃችሁም፣ ግን ዕቃችሁን እንደ ዕቃ አላየውም። ከመሄዳችሁ በፊት ቤት መዝኑ። ፎቶ አንሱ፣ ጀርባውንም ጭምር። ብዙ የድሮ የአንገት መስቀሎች ከጠገራ የተቆረጡ ናቸው። ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት የንግሥቲቱ ፀጉር ጥምዝ ወይም የላቲን ፊደል ቁራጭ አንዳንዴ ይታያል። እንዲህ ያለውን ማቅለጥ ያሳዝናል፣ ለሚሰበስብ ሰው አሳዩት።

925 (92.5 በመቶው ብር ነው ማለት ነው) የሚል ማኅተም ብቻውን አይታመን። ማኅተሙን ማንም ይመታል። የድሮ ሥራዎች ደግሞ አብዛኞቹ ማኅተም የላቸውም። ፍተሻው እናንተ እያያችሁ፣ በማይታይ ጠርዝ ላይ ይሁን። «ውስጥ ገብቼ ልፈትነው» ካለ አይሆንም በሉ።

ችግር፦ መካፈል አልቻልንም

ሦስት ወንድማማቾች አንድ ድሪ ይዘው መጥተው «በግራም እኩል ቁረጥልን» አሉኝ። አልቆርጥም አልኩ። ድሪ ሲቆረጥ ለሦስቱም ቁርጥራጭ ይደርሳል፣ ድሪ የሚደርሰው የለም። የሚሠራው መንገድ ይህ ነው፦ ዋጋው በገለልተኛ ሰው ይገመት፣ አንዱ ሙሉውን ይውሰድ፣ ለሌሎቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ይስጥ። ማን ይውሰድ ላይ ካልተስማማችሁ ዕጣ ጣሉ። የእነሱ በዕጣ ለታናሹ ደረሰው፤ ታላቅየው ለሁለት ሳምንት እንዳኮረፈ ሰምቻለሁ።

ብሩን ከማጠባችሁ በፊት ዋጋውን አስገምቱ። ይህን ሁለቴ አንብቡት።

የቤተ ክርስቲያን ስም ወይም የስጦታ ጽሑፍ ያለበት መስቀል ከተገኘ ከመካፈል በፊት ቤተ ክርስቲያኑን ጠይቁ።

ውጭ አገር ያለው ወራሽ ይዞት ሊሄድ ከሆነ ደግሞ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው። ዕቃውንና ፎቶውን ይዛችሁ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ሂዱ፣ ወረቀቱን አውጡ። ትኬት ከመቆረጡ በፊት እንጂ ሻንጣው ቦሌ ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም። እስከዚያው ብሩን ቀለም ባልተነከረ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከላስቲክና ከሱፍ አርቃችሁ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።