የረጅም የእግር ጉዞ ማስታወሻ፦ ችግርና መፍትሄ

ቀን ጻፉ፣ ትንሽ ደብተር ያዙ፣ ትርፍ እስክሪብቶ አትርሱ የሚለውን ሁሉም ስለሚያውቀው እንዝለለው።

ማስታወሻው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቆመ

ከሁሉም የሚደጋገመው ይህ ነው፤ መልኩም ሁሌ አንድ ነው። የመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ፣ አምስተኛው አንድ ገጽ፣ ዘጠነኛው «ደክሞኛል፣ ነገ እጽፋለሁ»፣ ከዚያ «በኋላ እሞላዋለሁ» ተብሎ የተተወ ባዶ ወረቀት። ባለቤቱ ስንፍናውን ይረግማል። ምክንያቱ ግን ስንፍና ሳይሆን ዕዳ ነው። ያልተጻፈ አንድ ቀን ሲያድር ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ 25 ኪሎ ሜትር የተራመደ ሰው ደግሞ ማታ ያ ሰዓት የለውም። ሦስተኛው ቀን ሲደመርበት ደብተሩን መክፈት ራሱ ይከብዳል።

ስለዚህ ወደ ኋላ አትመለሱ። የዛሬን ዛሬ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ፣ ባዶ ቦታ ሳትተዉ ጻፉ። የዘለላችሁትን ቀን በአንድ መስመር ዝጉት፦ ከየት ተነሳችሁ፣ የት አደራችሁ። ለዚያች መስመር የፎቶዎቹ ሰዓትና ካርታው ይበቃሉ። ባዶ ገጽ መተው ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም! የተተወው ገጽ ደብተሩ በተገለጠ ቁጥር ዕዳ ይጠይቃል።

ቀጥሎ የመጻፊያውን ሰዓት ከማታ አውጡት። ድንኳን ውስጥ ተጋድሞ በእርጋታ መጻፍ የሚያምረው መነሻው ላይ ነው፤ አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰው ሲጋደም ይተኛል። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ክኒን ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ አሥሯን ለደብተሩ ስጡ። ማጣሪያ የምትጠቀሙ፣ ምሳ ላይ ጫማ አውልቃችሁ እግር ስታናፍሱ ጻፉ። ደብተሩ ከቦርሳው ሥር፣ ከልብስ በታች ከተቀበረ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ቦታው የወገብ ቀበቶው ኪስ ነው፤ እርሳሱም 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ክር ይታሰርበት።

የሚጻፈውም ነገር ያስቆማል። «ዛሬ መንገዱ በጣም ያምር ነበር» የሚል ሰው ነገም ያንኑ ሊደግም ነው፤ በአራተኛው ቀን ራሱን ይሰለቸዋል። እንዲህ ይሁን፦ «ቀን 11። ጠዋት 3፡40፣ ሁለተኛው ወንዝ። ውሃው እስከ ጉልበት። ግራ ጫማ ገባበት፤ እስከ 6 ሰዓት ጭቅ ጭቅ ይል ነበር።» ሃያ ቃል አይሞላም፤ ከዓመት በኋላ ግን ወንዙን መልሶ ያመጣል። የቀኑን ተራ ቁጥር ከቀኑ ጋር አብራችሁ ጻፉ፤ መንገድ ላይ ሰኞና ሐሙስ ይምታታሉ።

ዝናብ ሳይኖር ደብተሩ ረጠበ

ውሃው የመጣው ከላብና ከትንፋሽ ነው። ደረት ኪስ ውስጥ የዋለ ደብተር ላብ ይጠጣል፤ እርጥብ ድንኳን ውስጥ ተገልጦ ያደረም እንዲሁ። ከዚያ ባለቤቱ ተጠንቅቆ ዚፕ ባለው የፕላስቲክ ከረጢት ይዘጋበትና እርጥበቱን ከነደብተሩ ያሽገዋል። ከረጢቱ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለውን ያህል እንዳይወጣም ይከለክላል። ምሳ ላይ ጥላ ሥር ከፍታችሁ አናፍሱት።

ጨርሶ ከበሰበሰ የተጣበቁ ገጾችን በግድ አትላቅቁ፤ ይቀደዳሉ። በየጥቂት ቅጠሉ መሃል ሶፍት አስገቡ፣ በእጅ ተጫኑ፣ ሶፍቱ ሲርስ ቀይሩ። እሳት ዳር አታድርጉት፤ ወረቀቱ ይኮማተራል፣ የጀርባው ሙጫም ይለቃል። እርጥብ ወረቀት በሁለት ቀን ገደማ ሻጋታ ሊጀምር ስለሚችል «ስደርስ አደርቀዋለሁ» አያዋጣም።

የደብተሩ ቅጠሎች ይረግፋሉ

ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያዘ ደብተር ነው። ሙጫው በብርድ ይሰነጠቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል፤ እንዲህ ያለውን «የጉዞ ደብተር» ብሎ መሸጥ ድፍረት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መሃሉን ገልጣችሁ ክር ፈልጉ፤ ክር ካልታየ መልሱት። ባለ ሽቦውም ቦርሳ ውስጥ ይጠማዘዛል። በክር የተሰፋ፣ ኤ6 መጠን (የኤ4 ሩብ)፣ 48 ቅጠል ይበቃል፤ በካሬ ሜትር 80 ግራም በሚመዝን ወረቀት ከተሠራ ያለ ሽፋኑ 60 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ጽሑፉ ፈሰሰ ወይም እስክሪብቶው አልጽፍ አለ

የጄል እስክሪብቶ ቀለም አብዛኛው ውሃ ነው፤ አንዲት ጠብታ ብዙውን ጊዜ መስመሩን ሰማያዊ ጥላ ታደርገዋለች። የተለመደው የኳስ እስክሪብቶ ቀለም ዘይትነት ስላለው ውሃ አይፈራም፤ ብርድ ላይ ግን ይወፍራል። መዳፍ ውስጥ አሙቁት፣ ሌሊትም አብሯችሁ ይደር። በጀርባ ተኝታችሁ ወደ ላይ ከጻፋችሁበት ቀለሙ ወደ ኳሷ መውረድ ያቆማል። የፀሐይ ቅባት የነካው ወረቀት ላይ ደግሞ ኳሷ ትንሸራተታለች፤ ይህ የእስክሪብቶው ጥፋት አይደለም፣ እጃችሁን ጥረጉ። አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ የኳሱንም ቀለም ያሟሟል፤ ዲት የተባለው ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ከዚያም አልፎ አንዳንድ ፕላስቲክ ይበላል።

መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ኤች ቢ (HB) እርሳስ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ለስላሳው ሁለት ቢ (2B)፣ ገጽ ከገጽ ሲፋተግ ይጠቁራል፤ ጠንካራዎቹ እርሳሶች እርጥብ ወረቀት ይቀድዳሉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ገጾቹ ድንገት ነጭ ሆኑ፦ በፍትጊያ ሙቀት የሚጠፋ ቀለም ነው፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሰወራል፣ ፀሐይ የመታው መኪና ይበቃዋል። ደብተሩን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ደብተሩ ጠፋ፦ ኔትወርክ ባለበት ማረፊያ ሁሉ ገጾቹን ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ላኩ፤ ስልኩ ላይ ብቻ ያለ ፎቶ ከስልኩ ጋር ወንዝ ይገባል።