ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ኳስ መቅለብ እንዴት እናለማምደው?

ልጄ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የተወረወረለትን ነገር ቀልቦ አያውቅም። ደረጃ ሲወርድ ይንገዳገዳል፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። ስንፍና መስሎኝ ብዙ ተቆጥቼዋለሁ። ኦቲዝም ባለባቸው በርካታ ልጆች ላይ ሚዛን የመጠበቅና ሰውነትን የማዘዝ ችግር አብሮ እንደሚታይ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ በግቢያችን ውስጥ፣ ሁለታችንም እየወደቅን እየተነሳን የተማርነው ይኸውላችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ ልጁ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ካለበት ሐኪም አማክሩ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች ይልቅ በብዛት ይታያል።

1. ሰዓቱንና ቦታውን አትቀያይሩ። እኛ ከትምህርት ቤት መልስ፣ መክሰስ ከተበላ በኋላ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ነው የምንሠራው። ክረምት ሲገባ ግቢው ስለሚጨቀይ ወደ ሳሎን እንገባለን፤ ይህን ግን ቀደም ብዬ በስዕል አሳየዋለሁ።

2. የሚሠራውን በስዕል አሳዩት። በካርቶን ላይ ዝላይ፣ ኳስ፣ ውሃ መጠጣት። ያለቀውን እሱ ራሱ ይገለብጠዋል። በስልክ ባትሞክሩት እመርጣለሁ፤ ስልኩ ልቡን ይወስደዋል።

3. አምስት ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ። ሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ አስምራችሁ አዝልሉት፤ ወይም የሚችለውን ያህል ውሃ በትንሽ ጀሪካን ያመላልስ።

4. መቅለብ። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን የቆዳ ኳስ ገዝቼ፣ ልጆች የሚንጫጩበት ሜዳ ወስጄ «ያዝ! ያዝ!» እያልኩ ወረወርኩለት። ፊቱን መታው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ኳስ ባየ ቁጥር ጆሮውን ይዞ ይሸሽ ነበር። እባካችሁ ይህን አትድገሙት።

የሚከብደው የሚመጣው ነገር መቼ እጁ ላይ እንደሚደርስ መገመት ነው። ስለዚህ የሚመጣውን ነገር ማዘግየት አለብን። በነጠላ ጀመርኩ፤ አጣጥፌ ወደ ላይ ስወረውረው ቀስ እያለ ስለሚወርድ እጁን የሚዘረጋበት ጊዜ አገኘ። ቀጥሎ እግራችንን ዘርግተን ፊት ለፊት ተቀምጠን የካልሲ ኳስ አንከባለልን። የካልሲ ኳስ ከሱቅ ኳስ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አያምም፣ አይነጥርም፣ ለጣት ይመቻል።

ከዚያ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። እዚያ ሲለምደው ከስንዝር ከፍታ ጣልኩለት፣ ቀጥሎ ከክንድ፣ በመጨረሻ አንድ እርምጃ ርቄ ወረወርኩለት። ከስንዝር ወደ ክንድ ለመሻገር ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ሲያቅተው ወደኋላ መመለስ ነው፤ ማስገደድ አይደለም። እጁን ከኋላ ይዞ ማገዝ የሚጠቅመው ልጁ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ እኔ በግድ ስይዘው ነክሶኛል፣ ልክም ነበር።

ንግግር ቀንሱ። «ያዝ» ካላችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ቶሎ አትድገሙበት። «እየኝ» እያላችሁም አታስጨንቁት፤ ኳሱን ካየ ይበቃል።

5. ጊዜውን ቀስ በቀስ አስረዝሙ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ጨምሮ፣ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ወደ ወፍጮ ቤት ፈጠን ብሎ መሄድም ይቆጠራል። እኛ በአሥር ደቂቃ ነው የጀመርነው።

አሁን ከእህቱ ጋር ሦስት እርምጃ ተራርቀው ይቀላለባሉ። ሲበቃው ሄዶ የኳሷን ስዕል ይገለብጣል። ያን ጊዜ «አንድ ብቻ እንጨምር» አትበሉት፤ ኳሱን አንሱና ውሃውን ስጡት።