ለሚኒየቸር ጨዋታ የፈረሰ ግንብ እንዴት እንደሚሠራ

የጠረጴዛ ላይ ፍልሚያ የሚጀምር ሰው ልቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ተዋጊዎቹ ነው። ሚኒየቸር የሚባሉትን ትንንሽ ምስሎች ይሰበስባል፣ ይገጣጥማል፣ ቀለም ይቀባል። ሜዳው ግን ባዶ ጠረጴዛ ሆኖ ይቀራል። ይሄ ሁሌም ያሳዝነኛል። ስከርሚሽ በሚባለው ዓይነት ጨዋታ በየወገኑ የሚሰለፉት ጥቂት ተዋጊዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ግድግዳና ድንጋይ ዋጋ አለው። ቀስተኛው ማንን እንደሚያይ፣ ማን በየት ተሸሽጎ እንደሚያልፍ የሚወሰነው በመልክዓ ምድሩ ነው። ሜዳው ገላጣ ከሆነ ከሩቅ የሚተኩሰው ያሸንፋል፤ ሰይፍ የያዘው መሀል ሳይደርስ ያልቃል።

አሁን አንድ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ እንሥራ። እሱን የሠራ እጅ ቤቱንም ድልድዩንም በዚሁ ዘዴ ይሠራል።

መጀመሪያ ልኬት

ከምስሎቻችሁ አንዱን አጠገባችሁ አቁሙት። ሥራው እስኪያልቅ ከዚያ አይነሳ። አብዛኞቹ የስከርሚሽ ምስሎች 28 ሚሊ ሜትር በሚባለው መጠን የተሠሩ ናቸው። የሚቆሙበት ክብ መቆሚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ስትሠሩ የምስሉን እግር ብቻ ካያችሁ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት የሚበቃ ይመስላችኋል። ሲያዩት በጣም ያምራል። ጨዋታው ሲጀመር ግን መቆሚያው አይገባም፣ ምስሉ ይንከባለላል፣ የተቀባው ቀለም ይላጣል። ስለዚህ ምስል ይቆምበታል ብላችሁ የምታስቡት ቦታ ሁሉ ከመቆሚያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይስፋ።

ቁመቱም እንደዚሁ። ምስሉ ተደግፎት እንዲተኩስ የታሰበ ግንብ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሙሉ በሙሉ እንዲሸሽገው ከፈለጋችሁ 5 ሴንቲ ሜትር አድርሱት። መሀል ላይ የቀረ ቁመት ጭቅጭቅ ያመጣል፤ «ታየ፣ አልታየም» እየተባለ ጨዋታው ይቆማል።

ዕቃው

ግንቡን የምንቀርጸው ከፎም ነው። ፎም ስል የፍራሹን ማለቴ አይደለም። የምንፈልገው ፖሊስታይሪን ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ታሽጎ የሚመጣበት፣ ሲቆረጥ ነጭ ፍሬ ፍሬ እየሆነ የሚበተነው ነው። ለኮረብታ ሆድ ዕቃ ይሆናል፤ ድንጋይ ለመቅረጽ ግን አይመችም። ሁለተኛው ለሕንፃ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠው ጥቅጥቅ ያለ ሰሌዳ ነው። ኤክስፒኤስ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ነው። በጥፍር ስትጫኑት ምልክቱን ይይዛል። ለግንባችን የሚሆነው ይሄ ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ነው።

ለመሠረት 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ያዙ። ካርቶን እርጥበት ሲነካው ይቆለመማል። ከዚህ ሌላ ነጭ ኮላ፣ ከተር፣ እርሳስ፣ ያረጀ እስክሪብቶ፣ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ስቴኪኒ፣ አሸዋና አክሪሊክ ቀለም ይበቃል።

መሳልና መቁረጥ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የፍርስራሹን ቅርጽ ይቆርጥና በኋላ ድንጋዩን ይስላል። እኔ ተገላቢጦሹን እመክራለሁ። እውነተኛ ግንብ ሲፈርስ አይታችሁ ከሆነ፣ ድንጋዩ መሀሉ ላይ ብዙም አይሰበርም። የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። ስለዚህ የፈረሰው ጠርዝ ደረጃ ደረጃ እየሠራ፣ ድንጋይ ከድንጋይ የተላቀቀበትን መስመር ተከትሎ ይወርዳል። ዝም ብሎ የተቆረጠ ዚግዛግ የተቀደደ ወረቀት ይመስላል።

በእርሳስ መጀመሪያ አግድም መስመሮችን አስምሩ፤ በመካከላቸው ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይኑር። ከዚያ ቋሚዎቹን ጨምሩ። የላይኛው ረድፍ ቋሚ መስመር ከታችኛው ጋር በፍጹም አይግጠም። ግንበኛም ድንጋዩን እያፈራረቀ ነው የሚያስረው። ከታችና ከማዕዘን ትላልቆቹን አድርጉ። ከላይ ያነሱ ይሁኑ። መስመሩ ትንሽ ቢወላገድ አትጨነቁ፣ እንዲያውም ያምርበታል።

አሁን የፈረሰውን ጠርዝ በዚያው መስመር ላይ ቁረጡ። የከተሩ ምላጭ አዲስ መሆን አለበት። የደነዘ ምላጭ ፎሙን አይቆርጠውም፤ ይቦጭቀዋል። ምላጩን ረዘም አድርጋችሁ አውጡ፣ አጋድማችሁ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ሳቡት። በአንድ ጊዜ ልጨርስ ብሎ መጫን ጠርዙንም ጣትንም ያበላሻል። በጋለ ሽቦ የምትቆርጡ ከሆነ መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱ ጎጂ ነው። የወጣውን ቁርጥራጭ እንዳትጥሉት።

ድንጋዩን ድንጋይ ማድረግ

እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ የእርሳሱን መስመር እየተከተላችሁ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ተጫኑ። ፎሙ ተጨፍልቆ ቦይ ይሠራል። መስመሩ ማዕዘኑ ጋ አይቁም። ዞሮ የግንቡን ውፍረት ያልፋል፣ አናቱ ላይም ይወጣል። ይህን የረሳ ግንብ ከፊት ድንጋይ፣ ከጎን ኬክ ይመስላል።

ቀጥሎ እዚህም እዚያም አንዳንዱን ድንጋይ በእርሳሱ ጀርባ ወደ ውስጥ ግፉት። አሁን ፊቱ ለጥ ያለ መሆኑ ቀረ። ከዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ፎይል ጨምድዳችሁ እንቁላል የሚያህል ኳስ ሥሩ። ግንቡ ላይ ጫን አድርጉት፣ ከዚያ አንሱት። ትንንሽ ጉድጓዶችና ስንጥቆች ትቶ ታገኙታላችሁ፤ ያ ልስልስ ሰሌዳ የአየር ጠባይ የበላው ድንጋይ ይሆናል። በጫናችሁ ቁጥር ኳሱን ትንሽ አዙሩት። ካላዞራችሁት ያው ምልክት እየተደጋገመ ዓይን ይይዛል።

ማጣበቅና መሠረት

ግንቡን መሠረቱ ላይ በነጭ ኮላ አጣብቁ። ከታች ሁለት ስቴኪኒ ሰክታችሁ ብትደግፉት አይንሸራተትም። ማስቲሽ አትጠቀሙ፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል ፎሙን ይበላዋል። ነጭ ኮላ በፎምና በእንጨት መሀል ቶሎ አይደርቅም፤ ሌሊቱን ይደር።

ያስቀመጣችሁትን ቁርጥራጭ አሁን አምጡ። ከላይ የወደቀው ድንጋይ ከታች መገኘት አለበትና ከፈረሰው ጠርዝ ሥር ከምሩት። ትላልቁን ከግንቡ ጠጋ አድርጉ፣ ጥቃቅኑን ራቅ አድርጉ። እዚህ ላይ ያን አጠገባችሁ የቆመውን ምስል አንሱና ሞክሩ። ከግንቡ ጀርባ የሚቆምበት ቦታ ክምሩ ከያዘበት ግማሹን አንሱለት።

በቀረው መሠረት ላይ ኮላ ቀቡና አሸዋ ነስንሱ። ሲደርቅ ኮላና ውኃ እኩል ለእኩል ቀላቅሉ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩበትና በላዩ አንጠባጥቡ። ሳሙናው ፈሳሹ አሸዋው ላይ ድቡልቡል ብሎ እንዳይቀር ያደርገዋል፤ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አሸዋው ከዚያ በኋላ በጣት ቢታሽም አይረግፍም።

ቆዳ ማልበስ

አንድ ጊዜ ሁለት ቀን የፈጀብኝን ቤት በቆርቆሮ ስፕሬይ ቀለም ነፋሁት። ዓይኔ እያየ የጣሪያው ጠርዝ ሟሸሸ። ተራ ስፕሬይ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ፖሊስታይሪንን ያቀልጣል። ስለዚህ ስፕሬዩን ተዉት። ነጭ ኮላና ጥቁር አክሪሊክ ቀለም እኩል ለእኩል ደባልቁና በብሩሽ ሁለት ዙር ቀቡ፤ ስንጥቁ ውስጥ ሁሉ ይግባ። ይህ ሲደርቅ ጠንካራ ቆዳ ይሆናል። ጠርዙ በቀላሉ አይቆረስም፤ ጥቁሩም ለመጋጠሚያው ጥላ ሆኖ ያገለግላል።

ቀለም

ጥቁር ግራጫ ላይ ትንሽ ቡናማ ጨምሩና ጥቁሩ ቦይ ውስጥ ሳይገባ ድንጋዮቹን ቀቡ። ንጹሕ ግራጫ ሲሚንቶ ይመስላል፤ ቡናማው ነው ነፍስ የሚሰጠው። ከአምስት ድንጋይ አንዱን ለብቻው ለየት ባለ ቀለም ቀቡት፤ አንዱን ወደ አፈር፣ አንዱን ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ። በዚህ ደረጃ ዝንጉርጉር ሆኖ ያስጠላል። አትፍሩ።

አሁን ጥቁርና ቡናማ ቀለም በብዙ ውኃ አቅጥናችሁ ከላይ እስከ ታች አልብሱት። ዋሽ የሚባለው ይሄ ነው። ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ዝንጉርጉሩንም ወደ አንድ ያመጣዋል። የተጠራቀመውን በሶፍት ምጠጡ። በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ላይ ቀጣዩን መቀባት ጭቃ ነው የሚያደርገው።

ቀጣዩ ደረቅ ብሩሽ ነው። ሰፊና ያረጀ ብሩሽ ፈዛዛ ግራጫ ንከሩና ወረቀት ላይ ጥረጉት። የቀረው ቀለም በእጃችሁ ጀርባ ስታሹት ብናኝ ብቻ የሚተው መሆን አለበት። ከዚያ ግንቡን ከላይ ወደ ታች በቀላሉ ዳሱት። ቀለሙ ከፍ ያለውን ብቻ ይይዛል። ፎይሉ የተወው እያንዳንዱ ጠባሳ ብቅ ሲል ታያላችሁ። በመጨረሻ ወደ ነጭ በቀረበ ቀለም አናቱንና ጠርዙን ብቻ ነካ ነካ አድርጉ።

ከሥሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቡናማ በስፖንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ዝናብ የረጨው ጭቃ ነው። አረንጓዴ የተነከረ ሰጋቱራ ከክምሩ መሀልና ግንቡ ከመሬት በሚገናኝበት ለጥፉ። መሀል ሜዳ ላይ አትበትኑት፤ ሣር የሚተርፈው እግር የማይረግጠው ቦታ ነው። አክሪሊክ የሆነ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በብሩሽ ቀብታችሁ ጨርሱ።

ሲደርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፤ ለ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ሜዳ መሀሉ አካባቢ ጥሩ ቦታ ነው። ከዚያ ጎንበስ በሉና ዓይናችሁን ከምስሉ ዓይን እኩል አድርጋችሁ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ተመልከቱ። የተቃራኒው ወገን ተዋጊ አሁንም ወለል ብሎ ከታያችሁ ግንቡን ትንሽ አዙሩት።